የስኳር በሽታ መድኃኒት ለጀመረ ባለቤት የሚደረግ ጥንቃቄ

መድኃኒትን የሚያዝዝ ሐኪም ነው፤ የታዘዘው መድኃኒት በበሽተኛው ላይ የሚያሳየውን ለውጥ ግን ቀንም ሌሊትም ቀርቦ የሚያየው በአንድ ቤት አብሮ የሚኖር ባለቤት ነው። ስለዚህ ሚስት ለባልዋ፥ ባልም ለሚስቱ መልካም ጠባቂ መሆን የሚችሉት የሚጠበቀው ነገር ምን እንደ ሆነ አስቀድመው ሲያውቁ ነው። በተለይም ሞያሌ በኬንያና በኢትዮጵያ ወሰን ላይ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፥ ነዋሪዋ ከሁለቱም ወገን መድኃኒት ሊገዛ ይችላልና ጥንቃቄው ይበልጥ ያስፈልጋል።

1ኛ፤ ስለ ሜትፎርሚን። ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚታዘዘው ይህ መድኃኒት ነው። በጀመሩት ሳምንታት ማቅለሽለሽ፥ የሆድ መነፋትና ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ከምግብ ጋር ሲወስዱትና ሐኪሙ መጠኑን ጥቂት በጥቂት ሲጨምር አብዛኛውን ጊዜ ይቀላል። ነገር ግን ብርቱ ትውከትና ተቅማጥ ቢጸና ሰውነት ውሃ ያጣል፥ ኩላሊትም ይጎዳልና ሳይዘገዩ ሐኪም ማማከር ይገባል። ለብዙ ዓመት የወሰደው ሰው እግሩ ቢደነዝዝ፥ መድኃኒቱ ቫይታሚን ቢ12ን ሊያጎድል ስለሚችል ይመርመር።

2ኛ፤ ስለ ግሊበንክላሚድና ስለ ኢንሱሊን። እነዚህ የደምን ስኳር ከልክ በታች ሊጥሉ ይችላሉ። ምግብ ቢቀርም ሥራቸውን አያቆሙም። ስለዚህ የረመዳንን ወይም ሌላውን ጾም ለመጾም የሚያስብ በሽተኛ አስቀድሞ ከሐኪሙ ጋር ይማከር። የዓለም የጤና ድርጅትም ግሊበንክላሚድ ከ60 ዓመት በላይ ለሆነው ሰው እንደማይስማማ አስታውቋል።

የስኳር መውረድ ምልክቶች ላብ፥ መንቀጥቀጥ፥ የልብ መምታት፥ ብርቱ ረኃብ፥ የንግግር መኮላተፍና ግራ መጋባት ናቸው። ያለ ልማዱ የሚቆጣም አለ። እንግዲህ ባልዋ በድንገት ቢቆጣ ወይም እንደ ሰካራም ቢንገዳገድ፥ ሚስት ነገሩን ጠብ ከመፈለግ አትቁጠረው፤ አስቀድማ ስኳሩን ትለካለት። ከ70 ሚሊግራም በታች ከሆነ፥ ወይም መለኪያ ከሌለ፥ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውሃ በጥብጣ ታጠጣው። ከ15 ደቂቃ በኋላ ካልተሻለው ትድገመው፤ ሲሻለው ምግብ ይብላ። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም ሳይደረግ፥ በጎኑ አስተኝቶ ፈጥኖ ወደ ሆስፒታል መውሰድ ነው። ግሊበንክላሚድ የሚወስደው ሰው ቢነቃም እንኳ ስኳሩ ከሰዓታት በኋላ እንደ ገና ሊወርድ ይችላልና ሐኪም ይየው።

3ኛ፤ ስለ መድኃኒት ስም። አንዱ መድኃኒት በልዩ ልዩ የንግድ ስም ይሸጣል። ግሊበንክላሚድ ዳኦኒል፥ ሜትፎርሚንም ግሉኮፋጅ ተብሎ ይገኛል። ይህን ያላወቀ ሰው ከወሰኑ ወዲህ አንዱን፥ ከወሰኑ ወዲያ ሌላውን ገዝቶ ሁለቱንም ቢውጥ ያንኑ መድኃኒት እጥፍ አድርጎ ወሰደ ማለት ነው። ስለዚህ የማሸጊያው ካርቶን አይጣል፤ በላዩ የተጻፈው የመድኃኒቱ ዋና ስምና የሚሊግራሙ ቍጥር ይታይ፤ ወደ ሐኪም ሲሄዱም በቤት ያለው ሁሉ ይወሰድ።

4ኛ፤ ስለ መዝገብ። ባለቤት በትንሽ ደብተር መድኃኒቱ የተጀመረበትን ቀን፥ መጠኑን፥ የተወሰደበትን ሰዓትና የታየውን ምልክት ይጻፍ። በፈረንጅ አቆጣጠር 8 ሰዓት የተባለው ጧት በአገራችን 2 ሰዓት ስለ ሆነ፥ ስሕተት እንዳይገባ «ጧት» ወይም «ማታ» ብሎ መጨመር ይበጃል።

በመጨረሻም፥ ምልክት ታየ ተብሎ መድኃኒቱን በገዛ ፈቃድ ማቋረጥ ስኳሩን ከፍ አድርጎ ሌላ አደጋ ያመጣል። የባለቤት ሥራ አይቶ መጻፍና በጊዜው መናገር ነው፤ መድኃኒቱን መለወጥ ግን የሐኪም ሥራ ነው።