የመቆጣጠሪያ ፕሮግራመር ደመወዝ በምን ይለካል?

እ.ኤ.አ. በ1968 የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስ ኩባንያ በሪሌይ የተሞሉ የመቆጣጠሪያ ሣጥኖቹን የሚተካ መሣሪያ ፈለገ። የመኪናው ሞዴል በተለወጠ ቁጥር ሽቦዎቹን እንደገና ማገናኘት ጊዜና ገንዘብ ይፈጅ ነበርና። እንዲህ ካለው ፍላጎት ፒኤልሲ የተባለው በፕሮግራም የሚታዘዝ መቆጣጠሪያ ተወለደ፤ አዲስ ሙያም አብሮት መጣ።

ፒኤልሲ የሚሠራው በዑደት ነው። የሴንሰሮችን ሁኔታ ያነባል፣ በፕሮግራሙ መሠረት ያሰላል፣ ለሞተሮችና ለቫልቮች ትእዛዝ ይሰጣል፤ ከዚያም እንደገና ይጀምራል። አንዱ ዑደት አብዛኛውን ጊዜ በሚሊሰከንድ ይቆጠራል።

የፕሮግራመሩ ደመወዝ በአገርና በኢንዱስትሪ ዓይነት ይለያያል፤ የሥራው ዋጋ ግን በተጻፈው መስመር ብዛት አይመዘንም። በሰዓት 30,000 ጠርሙስ የሚሞላ ፋብሪካ እናስብ። ለ20 ደቂቃ ቢቆም 10,000 ጠርሙስ ያጣል። ብልሽቱን በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚያስተካክል ባለሙያ 7,500 ጠርሙስ አዳነ ማለት ነው።

ከምርት የሚበልጠው ግን የሰው ሕይወት ነው። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፍ ካልተነካ በስተቀር ኤሌክትሪክ እንዲያሳልፍ የሚደረገው ሽቦው ቢበጠስ እንኳ ማሽኑ እንዲቆም ነው። አሠራሩ ከተገለበጠ ግን የሽቦው መበጠስ የሚታወቀው ሠራተኛው ቁልፉን ተጭኖ ማሽኑ አልቆም ሲል ነው።

ስለዚህ ይህን ሙያ ለምትመኙ አንባብያን የምንመክረው፣ ከፕሮግራም ቋንቋው ጎን ለጎን ሞተሩን፣ ቫልቩንና የኤሌክትሪክ ንድፉን እንድታጠኑ ነው። ከፍ ያለው ደመወዝ የሚከፈለው ለዚህ ኃላፊነት ነውና።