ጣት፣ ስክሪንና ፊደል፦ የነዳፊዎችን ዓመታዊ ጉባኤ በአንድ ቀመር መከታተል

መግቢያ

በእጅ ስልክ ስክሪን ላይ አንዲት ፊደል ለመንካት ጣታችን ምን ያህል ጊዜ ይወስድበታል? ጥያቄው ለፊዚክስ መምህር የሚመጥን አይመስል ይሆናል። ይሁን እንጂ በቁጥር ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው፤ ይህንኑ በመሰሉ ጥያቄዎች ላይ ለመወያየትም ከልዩ ልዩ የዓለም ክፍሎች በየዓመቱ የሚሰበሰቡ ተመራማሪዎችና ነዳፊዎች አሉ። እዚህ ላይ ነዳፊ የምንለው ሕንፃ ወይም ልብስ የሚነድፈውን ሳይሆን፣ የስልክን፣ የኮምፒዩተርንና የሶፍትዌርን ገጽታና አሠራር ለተጠቃሚው እንዲስማማ አድርጎ የሚያዘጋጀውን ባለሙያ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ጉባኤዎች አንዱ የሆነውን «ካይ» በመባል የሚታወቀውን ጉባኤ ማስተዋወቅ፣ እንዲሁም ተማሪዎቻችን አንድን ቀመር እንደ መሪ ክር ይዘው ጉባኤውን ከሩቅም ሆነ ከቅርብ እንዴት ሊከታተሉ እንደሚችሉ ማመልከት ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጉባኤው

የጉባኤው መነሻ በ1982 በአሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በምትገኘው ጌይተርስበርግ ከተማ የተካሄደው ስብሰባ ነው። በዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ከባለሙያው ቤተ ሙከራ ወጥቶ ወደ ጸሐፊው፣ ወደ ሒሳብ ሠራተኛውና ወደ ተማሪው ጠረጴዛ መሸጋገር የጀመረበት ወቅት ስለነበር፣ «ማሽኑ ይሠራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን በቂ መሆኑ ቀረ። «ሰው ሊሠራበት ይችላል ወይ?» የሚል ሌላ ጥያቄ ተጨመረ። ስለዚህ የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁራን፣ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችና ነዳፊዎች በአንድ አዳራሽ ተገናኙ። ከ1985 ወዲህ ጉባኤው በየዓመቱ ሲዘጋጅ ቆይቷል። በ2020 በሆኖሉሉ ሊካሄድ የነበረው ስብሰባ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሲሰረዝ እንኳ ጥናቶቹ ታትመው ወጥተዋል። በ2023 ሀምቡርግ፣ በ2024 ሆኖሉሉ፣ በ2025 ደግሞ ዮኮሃማ አስተናግደውታል።

ከፓሪስ የተገኘ ትምህርት

ጉባኤው በ2013 በፓሪስ በተካሄደ ጊዜ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የዶክትሬት ተማሪ ነበርኩ። የምሠራው ስለ ንክኪ መለኪያ ስለነበር፣ መሣሪያዬ ለምን እንደሚያገለግል ለማየት ብዬ ሄድኩ። በአንድ ጊዜ በበርካታ አዳራሾች ጥናት ይቀርባል። እኔም እንዳያመልጠኝ በማለት ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ስሯሯጥ ዋልኩ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። በሁለተኛው ቀን ማታ ማስታወሻዬን ስገልጥ ያገኘሁት ርእሶችንና ስሞችን ብቻ ነበር። ከአንድም ጥናት ላይ መነሻውንና መድረሻውን ለይቼ መናገር አልቻልኩም። ሁሉን ልያዝ ብዬ ምንም ሳልይዝ ቀረሁ።

ያዳነኝ አንድ ጥናት ነው። አቅራቢዎቹ የጣትን ስሕተት ሲያሰሉ የተጠቀሙበት ዘዴ በአንደኛ ዓመት የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የምናስተምረው የስሕተት ትንተና ነበር። የማውቀውን ነገር በማላውቀው ቦታ በማግኘቴ ተደንቄ፣ የቀሩትን ቀናት የዚያን ጥናት ምንጮች ወደኋላ ስከተል አሳለፍኩ። ክሩ ወደ 1954 አደረሰኝ።

የፊትስ ሕግ

በዚያ ዓመት ፖል ፊትስ የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ቀላል ሙከራ አሳተመ። ተሳታፊዎቹ በሁለት ጠፍጣፋ ብረቶች መካከል እየተመላለሱ፣ በተቻላቸው ፍጥነት፣ በእጃቸው በያዙት ዘንግ እንዲነኩ አደረገ። የብረቶቹን ርቀትና ስፋት እየለዋወጠ ጊዜውን ለካ። ያገኘው ግንኙነት፣ በኋላ በተሻሻለው መልኩ ሲጻፍ፣ የሚከተለው ነው፦

ጊዜ = ሀ + ለ × ሎግ (ርቀት ÷ ስፋት + 1)

የሎጋሪዝሙ መሠረት ሁለት ሲሆን፣ ሀ እና ለ በመለካት የሚገኙ ቋሚ ቁጥሮች ናቸው። ሎጋሪዝሙ የሚሰጠው ቁጥር የእንቅስቃሴው «የክብደት መጠን» ይባላል፤ አሀዱም ቢት ነው። ፊትስ ሐሳቡን የወሰደው ክላውድ ሻነን በ1948 ካወጣው የመረጃ ንድፈ ሐሳብ ነበር። የስልክ መስመር በሰከንድ የተወሰነ መረጃ እንደሚያስተላልፍ ሁሉ፣ እጃችንም ውሱን አቅም ያለው የመረጃ መስመር ነው ማለት ነው።

ምሳሌ እንመልከት። ዒላማው 70 ሚሊ ሜትር ርቆ፣ ስፋቱ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ 70 ÷ 10 + 1 = 8 ይሆናል። 8 ደግሞ 2 በ3 ሲነሳ ስለሆነ ክብደቱ 3 ቢት ነው። ርቀቱም ስፋቱም በእጥፍ ቢያድጉ ክብደቱ ያው 3 ቢት ነው፤ ዋናው ነገር የሁለቱ ንጽጽር ነውና። ርቀቱ ሳይለወጥ ስፋቱ ወደ 5 ሚሊ ሜትር ቢወርድ ግን ክብደቱ ወደ 3.9 ቢት ይደርሳል።

ክሩ ወዴት አመራ?

በ1978 ስቱዋርት ካርድና ባልደረቦቹ በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ማውስን ከሌሎች የመጠቆሚያ መሣሪያዎች ጋር አወዳደሩ። ካርድ የመጀመሪያ ዲግሪውን ያገኘው በፊዚክስ መሆኑን ለተማሪዎቻችን መንገር ተገቢ ነው። ማውስ ከሁሉም ፈጣን ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የበለጠ ቁም ነገር ያለው ግን ማውስ ለእያንዳንዱ ቢት የሚወስደው ጊዜ ባዶ እጅ ከሚወስደው ጋር የተቀራረበ መሆኑ ነው፤ ይኸውም በሰከንድ አንድ አሥረኛ አካባቢ ነው። እንግዲህ ፍጥነቱን የገደበው መሣሪያው ሳይሆን ሰው ራሱ ነበር።

በ1992 በሞንተሬይ፣ ካሊፎርኒያ በተካሄደው የካይ ጉባኤ ላይ ስኮት ማከንዚና ዊልያም በክስተን ሕጉን ስፋትም ቁመትም ላላቸው ዒላማዎች አስፋፉት። በ2013 ደግሞ ሺያኦጁን ቢ፣ ያንግ ሊና ሹሚን ዣይ በፓሪስ ያቀረቡት፣ እኔም የሰማሁት ጥናት ስለ ጣት ነበር። ቀስት መሰሉ የማውስ ጠቋሚ ነጥብ ነው፤ ጣት ግን ነጥብ አይደለም። ሰው ቀስ ብሎ ቢነካ እንኳ ንክኪው ይበታተናል። ስለዚህ አጠቃላዩ መበታተን ከሁለት ምንጮች ይመጣል፤ አንዱ ከችኮላ፣ ሌላው ከጣቱ ተፈጥሮ። የመበታተኑ ልክ፣ ማለትም ቫሪያንሱ፣ የሁለቱ ድምር ስለሆነ፣ የጣቱን ድርሻ ቀንሶ ሕጉን በቀሪው ላይ መሥራት ይቻላል። መለኪያ መሣሪያው ራሱ የሚያመጣውን ስሕተት ከውጤቱ ለይቶ ማውጣት የፊዚክስ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው ሥራ ነው።

የእኛ ፊደል

ሕጉን ወደ ራሳችን ጉዳይ እናምጣው። ሠላሳ ሦስቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ኢንጂነር አያና ብሩ ለአማርኛ የጽሕፈት መኪና ሲያዘጋጁ ያጋጠማቸው የፊደላት ብዛት ዛሬ ደግሞ ስክሪን ላይ ያጋጥመናል። የመጻፊያው ቦታ 66 በ40 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 231ዱም ፊደላት በአንድ ላይ ቢደረደሩ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ካሬ ጎኑ 3.4 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ሠላሳ ሦስቱ ብቻ ቢደረደሩ ግን ጎኑ ወደ 9 ሚሊ ሜትር ይጠጋል።

ጣት በአማካይ 30 ሚሊ ሜትር ቢጓዝ፣ የመጀመሪያው አደራደር 3.3 ቢት ይጠይቃል። በሁለተኛው አደራደር መጀመሪያ ፊደሉን መንካት 2.1 ቢት፣ ቀጥሎም 9 ሚሊ ሜትር ርቆ ከጎኑ የሚወጣውን እርባታ መንካት 1 ቢት፣ በድምሩ 3.1 ቢት ይሆናል። ውጤቱ እጅግ የተቀራረበ ነው! ሁለት ጊዜ መንካት ግን ሀ የተባለውን ቋሚ ጊዜ ሁለት ጊዜ ያስከፍላል። በአንጻሩ 3.4 ሚሊ ሜትር በሆነ ዒላማ ላይ ከጣት የሚመጣው ስሕተት ያይላል፤ ከ231 መካከል አንዱን በዓይን መፈለግም ጊዜ ይፈጃል። ሳድስ በጽሑፋችን ውስጥ እጅግ ስለሚደጋገም፣ በመጀመሪያው ንክኪ ሳድሱ እንዲጻፍ ማድረግ ደግሞ ሁለተኛውን ንክኪ በብዙ ቦታ ያስቀራል። በብዙዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ስልቶች ይህ ዘዴ የሚሠራበትም ያለ ምክንያት አይደለም።

የትኛው አደራደር እንደሚሻል ቀመሩ ብቻውን አይፈርድም፤ መለካት ያስፈልጋል። ነገር ግን ምን መለካት እንዳለብን ነግሮናል። አማርኛ ጸሐፊው በየዕለቱ የሚያባክነውን ጊዜ የሚወስነው ይህ ነውና ጉዳዩ ትንሽ አይደለም።

እንዴት እንከታተል?

አንደኛ፣ ጉባኤውን ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ያዙ። የቀረቡት ጥናቶች ብዛት ያለ ጥያቄ የሚመጣውን ያሰጥመዋል።

ሁለተኛ፣ ከአዲሱ ጥናት ጀምራችሁ ምንጮቹን እየተከተላችሁ ወደኋላ ሂዱ። ጉባኤውን የሚያዘጋጀው ኤ.ሲ.ኤም. የተባለው የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ማኅበር ከ1951 እስከ 2000 ያሳተማቸውን ጽሑፎች በ2022 ለማንኛውም አንባቢ በነፃ ክፍት አድርጓል። የ1992ቱ ጥናት ከእነዚህ ውስጥ ነው። የብዙዎቹ የቅርብ ጥናቶች የቪዲዮ ማብራሪያም በኢንተርኔት ይገኛል።

ሦስተኛ፣ በአካል መገኘት ለቻለ፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጥናቶችን ብቻ መርጦ፣ ጽሑፋቸውን አስቀድሞ አንብቦ፣ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ መግባት ይበጃል። ከአዳራሹ ውጭ ከአቅራቢው ጋር የሚደረግ የአሥር ደቂቃ ውይይት ከአንድ ቀን ሩጫ ይበልጣል።

አራተኛ፣ ቅርብ ያለውን አንዘንጋ። «አፍሪካይ» የተባለው የአህጉራችን ጉባኤ በ2016 በናይሮቢ ተጀምሮ በ2018 በዊንድሁክ ቀጥሏል።

ማጠቃለያ

አንድ ቀመር ከብረት ዘንግ ተነሥቶ፣ በማውስ በኩል አልፎ፣ እስከ ጣታችን ጫፍ ደርሷል። ክሩ ግን አላለቀም። አንባቢው ማስመሪያ፣ የሰዓት መቁጠሪያና ስልክ ይዞ፣ የአንድ ጓደኛውን ጣት እንቅስቃሴ በተለያየ ርቀትና ስፋት ይለካ፤ ጊዜውን በክብደት መጠኑ አንጻር በግራፍ ያስቀምጥ። ቀጥተኛ መስመር ካገኘ፣ የመስመሩ ዝንባሌ ለ፣ መነሻው ደግሞ ሀ ናቸው። ከዚያም ያንኑ ሙከራ በሁለቱ የፊደል አደራደሮች ላይ ይድገመው። ወደ ጉባኤ ይዞት የሚሄደው ጥያቄ በእጁ ገባ ማለት ነው።