የፕሮግራም መፈተኛ መሣሪያን በአዲስ ስለ መተካት

ማንኛውም መሣሪያ ከመታመኑ በፊት ሊመረመር ይገባዋል። ነጋዴ ሚዛኑን ባዶውን አንሥቶ ሁለቱ ሳሕኖች እኩል መሆናቸውን ካላየ፥ ቀኑን ሙሉ ሲመዝን ቢውል ማን እንደ ተጠቀመ፥ ማንስ እንደ ተጐዳ ሊያውቅ አይችልም። የኮምፒውተር ፕሮግራምም እንዲሁ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ የትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክበብ ዘንድሮ የፕሮግራም መፈተኛውን ከአሮጌው ወደ አዲሱ እትም ሲያዛውር ያገኘነውን ትምህርት ለክፍል ጓደኞቼ፥ ለመምህራንና ለወላጆች ለማስረዳት እሞክራለሁ።

ፈተናው ምንድን ነው?

አንድ ፕሮግራም ከብዙ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው። «ዩኒት ቴስት» የሚባለው ፈተና ከነዚህ ክፍሎች አንዱን ነጥሎ፥ የታወቀ ቁጥር ሰጥቶ፥ የሚመለሰው መልስ አስቀድሞ ከተወሰነው ጋር መስማማቱን የሚያይ ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ለምሳሌ የክበባችን ፕሮግራም የተማሪዎችን ውጤት ደምሮ አማካዩን ያወጣል፤ ከዚያም ደረጃ ይሰጣል። የአንድ ተማሪ የ10 ትምህርት ድምር 873 ቢሆን፥ አማካዩ 87.3 መሆኑን ማንም በእርሳስ ሊያወጣው ይችላል። ፈተናውም «መልሱ 87.3 ካልሆነ ስሕተት መኖሩን ንገረኝ» የሚል ትእዛዝ ነው።

ፈተናው አንድ ጊዜ ከተጻፈ በኋላ ፕሮግራሙ በተለወጠ ቍጥር ሊደገም ይችላል። ትልቁ ጥቅሙም ይኸው ነው። ትናንት ትክክል የነበረውን ዛሬ ሳናውቅ ብናበላሸው ወዲያው ያስታውቀናል።

የመሣሪያው ታሪክ

በጃቫ ቋንቋ ለሚጻፉ ፕሮግራሞች ከታወቁት መፈተኛዎች አንዱ ጄዩኒት ነው። ኬንት ቤክና ኤሪክ ጋማ የተባሉ ሁለት ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1997 ከዙሪክ ወደ አትላንታ በአውሮፕላን ሲጓዙ ሠሩት። ኬንት ቤክ ከዚያ በፊት ስሞልቶክ ለሚባለው ቋንቋ ተመሳሳይ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። በዚያው አቈጣጠር 4ኛው እትም በ2006፥ 5ኛው በ2017፥ 6ኛው ደግሞ በ2025 ወጣ። 6ኛው ጃቫ 17ን ወይም ከዚያ በኋላ የወጣውን ይፈልጋል፤ 5ኛው ግን በጃቫ 8 ይሠራል። በክበባችን ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ጃቫ 8 ስለ ሆነ ከ4ኛው ወደ 5ኛው ለመዛወር ቈረጥን።

5ኛው እትም በ3 የተከፈለ ነው። ፕላትፎርም የሚባለው ፈተናዎቹን የሚያስነሣው መሠረት ነው። ጁፒተር አዲሶቹ ፈተናዎች የሚጻፉበትና የሚካሄዱበት ክፍል ነው፤ ስሙም ከፀሐይ 5ኛ ከሆነችው ፕላኔት የተወሰደ ነው። ቪንቴጅ የሚባለው ደግሞ በ3ኛውና በ4ኛው እትም የተጻፉትን አሮጌ ፈተናዎች ያካሂዳል።

የመዛወሩ ሥራ በየተራው

1ኛ፤ ማቨን የሚባለው የግንባታ መሣሪያ የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች የሚያውቀው «ፖም» ከሚባል ፋይል ነው። በዚያ ውስጥ የአሮጌውን ጄዩኒት ስም አንሥቶ «ጄዩኒት ጁፒተር» የሚባለውን ጥቅል ከእትም ቍጥሩ ጋር መጻፍ፥ ለፈተና ብቻ የሚያገለግል መሆኑንም ማመልከት ያስፈልጋል። ፈተናዎቹ ብዙ ሆነው በአንድ ጊዜ መለወጥ ካልተቻለ አሮጌው ጥቅል ከቪንቴጅ ጋር ለጊዜው ይቈያል።

2ኛ፤ በማቨን ውስጥ ፈተናዎችን የሚያስነሣው ክፍል ሹርፋየር ይባላል። እርሱም አዲሱን ፕላትፎርም በራሱ ለመጠቀም የቻለው ከ2.22.0 እትም ወዲህ ነው። ነገር ግን ከ3.9 በፊት የወጡት ብዙዎቹ የማቨን 3 እትሞች ሌላ ካልታዘዙ በቀር 2.12.4 የተባለውን አሮጌ ሹርፋየር ያመጣሉ። ስለዚህ የአዲሱን ቍጥር በፖም ውስጥ በግልጽ መጻፍ ይገባል።

3ኛ፤ በየፈተናው ላይ ያሉትን ምልክቶች መለወጥ ነው። «ቢፎር» የነበረው «ቢፎር ኢች»፥ «አፍተር» የነበረው «አፍተር ኢች»፥ «ኢግኖር» የነበረውም «ዲስኤብልድ» ሆኗል። «ቴስት» የሚለው ምልክት ስሙ አልተለወጠም፤ የሚመጣበት ጥቅል ግን ሌላ ነው። አሮጌው ጥቅል ገና ሳይወጣ አሮጌው «ቢፎር» በአዲስ ፈተና ላይ ቢቀር ጃቫ ስሕተት ነው አይልም፤ ጁፒተር ግን ምልክቱን እንደሌለ ቈጥሮ ያልፈዋል።

4ኛ፤ «አሰርት ኢኳልስ» በሚባለው ማነጻጸሪያ ውስጥ ማብራሪያው በ4ኛው እትም ከፊት ይጻፍ ነበር፤ በጁፒተር ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚጻፈው። የሚነጻጸሩት ሁለቱም ነገሮች ጽሑፍ ከሆኑ ጃቫ ልዩነቱን ሊያውቅ ስለማይችል፥ ማብራሪያውን እንደሚጠበቀው መልስ ይወስደዋል።

እኛን ያጋጠመን

እኛ 1ኛውን፥ 3ኛውንና 4ኛውን ፈጽመን 2ኛውን ዘለልነው። ፈተናዎቻችን 14 ነበሩ። ማቨንን ብናዝዘው በመጨረሻ ግንባታው መሳካቱን የሚገልጽ ቃል አወጣ። በዚህ ደስ ስላለን ከዚያ በላይ ያለውን መስመር ማንም አላነበበም።

በዚያው ሳምንት እኔ ራሴ ፕሮግራሙን አሳጥራለሁ ብዬ ድምሩን ሙሉ ቍጥር ብቻ እንዲይዝ አደረግሁት። ጃቫ ሙሉ ቍጥርን ለሙሉ ቍጥር ሲያካፍል ከነጥብ በኋላ ያለውን ይጥላል። ስለዚህ 879 ለ10 ሲካፈል 87 ሆነ፤ 873ም እንዲሁ 87 ሆነ። ብቻዋን 1ኛ መውጣት የሚገባት የክፍላችን ልጅ ከ2ኛው ተማሪ ጋር እኩል ሆና ተጻፈች። ማቨን አሁንም «ተሳክቷል» አለ።

ስሕተቱን ያወቁት የክፍላችን ኃላፊ መምህር ናቸው። ዝርዝሩ ከመለጠፉ በፊት የጥቂት ተማሪዎችን ድምር በእርሳስ አካፍለው ካዩ በኋላ፥ «ልጄ፥ ነጥቡ የት ሄደ?» ብለው ጠየቁኝ። እጅግ አፈርሁ። ተመልሰን የማቨንን ጽሑፍ ብናነብ የተካሄዱት ፈተናዎች 0፥ የወደቁትም 0 መሆናቸው ተጽፎ አገኘን። አሮጌው ሹርፋየር ጁፒተርን ስለማያውቅ ከ14ቱ አንዱን እንኳ አላስነሣም ነበር። ማቨን አልዋሸም፤ ያልተፈተነ ሊወድቅ አይችልምና። የተሳሳትነው እኛ ነን።

ከመካከላችን አንዱ፥ እኔ ለውጡን ከማድረጌ በፊት፥ ፈተናዎቹን በኤክሊፕስ አስነሥቶ አረንጓዴ መስመር አይቶ ነበር። ይህም ይበልጥ አዘናጋን። ኤክሊፕስ የራሱ ማስነሻ ስላለው በእርሱ ዘንድ መሳካቱ በማቨንም ለመሳካቱ ማስረጃ አይሆንም።

የሹርፋየርን ቍጥር 2.22.2 ብለን ስንጽፍ 14ቱም ፈተናዎች ተካሄዱ፤ የአማካዩም ፈተና ወደቀ። ስሕተቱን አርመን ደገምነው፤ ሁሉም አለፉ። ዝርዝሩም ተስተካክሎ ተለጠፈ።

ሊታሰብ የሚገባው

ከዚህ የተነሣ በክበባችን 3 ደንቦች አውጥተናል። አንደኛ፥ መሣሪያው ከመለወጡ በፊትና በኋላ የተካሄዱት ፈተናዎች ቍጥር እኩል መሆኑ ይታያል። ሁለተኛ፥ አንድ ፈተና ሆን ተብሎ ይበላሻል፤ ይኸውም 87.3 የሚለው 90 ተብሎ ይጻፍና መውደቁ ይታያል፤ ከዚያም ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ሐሰተኛውን መልስ ያሳለፈ መሣሪያ እውነተኛውን ቢያሳልፍ ምስክርነቱ ዋጋ የለውም። ሦስተኛ፥ መፈተኛው በሚለወጥበት ቀን ፕሮግራሙ አይነካም፤ ሁለቱ አብረው ከተለወጡ ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል።

ውሻው ሌሊቱን አልጮኸም ተብሎ ሌባ አልመጣም አይባልም፤ ውሻው በቤት መኖሩን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል። እኛም አዲሱን መሣሪያ ቶሎ ለመጠቀም ስንል አንዷን መስመር ሳናነብ ቀርተን፥ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፥ ሥራውን ሁለት ጊዜ ሠራነው። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፥ አንድ ሰው «ምንም ስሕተት አላገኘሁም» ቢላችሁ፥ ከማመስገናችሁ በፊት «ስንቱን መረመርህ?» ብላችሁ ጠይቁት።