መንታ እርግዝናና የደም ግፊት በአርሲ ደጋ

በአንድ እርግዝና ሁለት ልጆች መፀነስ ብርቅ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ጥናት በዓለም ላይ በየዓመቱ 1.6 ሚሊዮን ያህል ጥንድ መንታዎች እንደሚወለዱ ያመለክታል፤ አፍሪካም የመንታ ወሊድ መጠን ከፍ ብሎ ከሚታይባቸው አህጉራት አንዷ ናት። የዚህ ጽሑፍ ትኩረት ግን መንታዎቹ ሳይሆኑ እናታቸው፣ በተለይም የደም ግፊቷ ነው። እርግዝና የሚያመጣው የደም ግፊት መንታ ያረገዘችን ሴት የሚይዛት አንድ ልጅ ካረገዘችው ይልቅ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ በሚበልጥ መጠን ነው። ይህ ለምን እንደሚሆን፣ ሕመሙ በምን እንደሚታወቅና ከሆስፒታል ርቃ በምትገኝ ደጋማ ቀበሌ የምትኖር እናት እንዴት ልትቋቋመው እንደምትችል፣ አሰላንና የአርሲን ደጋ በምሳሌነት እየወሰድን እንመለከታለን።

የእንግዴ ልጅ ድርሻ

ጤናማ እርግዝና የእናትን የደም ዝውውር በእጅጉ ይለውጣል። የደሟ መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ መንታ የያዘች እንደሆነ ጭማሪው ከዚህም ያልፋል። ልቧ በየደቂቃው የሚረጨውም ደም አንድ ልጅ ካረገዘች እናት በአንድ አምስተኛ ያህል ይበልጣል። ይህን ያህል ደም ሲዘዋወር ግፊቱ ገና ከመጀመሪያው ሊያሻቅብ ይገባ ነበር ያሰኛል። የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የደም ስሮች ስለሚላሉ ግፊቱ እስከ አምስተኛው ወር አካባቢ ዝቅ ይላል፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ይህን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው እንሻለን፤ በኋላ እንመለስበታለንና።

ችግሩ የሚነሣው ከእንግዴ ልጁ ነው። በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ የእንግዴ ልጁ ሴሎች ወደ ማኅፀን ግድግዳ ዘልቀው በመግባት በዚያ ያሉትን ጠመዝማዛ ቀጫጭን ደም ቅዳዎች ሰፋፊ ቦዮች ያደርጓቸዋል። ይህ ሥራ ሳይሟላ ሲቀር እንግዴ ልጁ ደም ያጥረዋል። የተራበው እንግዴ ልጅ ወደ እናቲቱ ደም የሚለቀው አንድ ፕሮቲን አለ፤ የሥነ ሕይወት ሊቃውንት ኤስ-ኤፍ-ኤል-ቲ-1 ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2003 በቦስተን አናንት ካሩማንቺና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ ይህ ፕሮቲን የደም ስሮችን የውስጥ ሽፋን ጤና የሚጠብቁትን የእድገት ፕሮቲኖች እየያዘ ከሥራ ውጭ ያደርጋቸዋል። በዚህ ጊዜ የእናቲቱ ደም ስሮች ይኮማተራሉ፣ ፈሳሽም ያሾልካሉ። ኩላሊቷ ፕሮቲን ወደ ሽንት ያሳልፋል፣ ጉበቷ ይጎዳል፣ አንጎሏም ሊያብጥ ይችላል። ይህ ሕመም ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል፤ ወደ መንፈራገጥና ራስን መሳት ሲደርስ ኤክላምፕሲያ ይሆናል።

በመንታ እርግዝና ነገሩ የሚባባሰው ከመጠን አንጻር ነው። ሁለት ልጆች የሚመገቡበት እንግዴ ልጅ አንድም ይሁን ሁለት ጠቅላላ ክብደቱ ከፍተኛ ስለሆነ፣ የዚህ ፕሮቲን መጠን በእናቲቱ ደም ውስጥ ወደ ሁለት እጥፍ ይጠጋል። ስለሆነም የደም ቅዳዎቹ አሰፋፍ እንከን ባይኖርበት እንኳ ሕመሙ ሊነሣ ይችላል። ከዚህ አንድ ከባድ ነገር ይከተላል፦ መድኃኒት ግፊቱን ያወርዳል እንጂ ምንጩን አያደርቅም። ሕመሙ መሻር የሚጀምረው ልጆቹ ተወልደው እንግዴ ልጁ ሲወጣ ነው። ሐኪም በክኒን የሚያደርገው ጊዜ መግዛት ነው፤ የተገዛው ጊዜ ደግሞ ልጆቹ እንዲጎለምሱና እናቲቱ በሚገባው ስፍራ እንድትገኝ ማዋል አለበት።

ከፍታው ይጎዳ ይሆን?

አሰላ ከአዲስ አበባ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የሯጮች መፍለቂያዋ በቆጂ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ትደርሳለች። በአሰላ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገባው ኦክሲጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህ ለእንግዴ ልጁ ተጨማሪ ጭነት ነውን? በአሜሪካ ኮሎራዶ በ3,100 ሜትር ላይ በሚኖሩ እርጉዞች ፕሪኤክላምፕሲያ 16 በመቶ ሲደርስ በ1,260 ሜትር 3 በመቶ ብቻ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት ያሳያል። ሆኖም ይህን ቁጥር እንዳለ ወደ አርሲ ማምጣት ስሕተት ይመስለናል። አሰላ ያን ያህል ከፍ አትልም፤ የኮሎራዶ ነዋሪዎችም በተራራው ላይ ከሰፈሩ ገና ጥቂት ትውልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር የሚኖሩ ሰዎችን መርምረው የደማቸው ኦክሲጅን ሙሌት በአማካይ 95 በመቶ ሆኖ አግኝተውታል፤ በዚያ ከፍታ አስገራሚ ነው። የአርሲ ጎረቤት በሆነችው በባሌ ከፍተኛ ቦታዎች የሚኖሩ ኦሮሞዎች ግን ሂሞግሎቢናቸው ከአማሮቹ ከፍ፣ የኦክሲጅን ሙሌታቸው ዝቅ ብሎ እንደተገኘ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ የዘረመል ጥናት ያስረዳል። ስለዚህ «ደገኛ ሁሉ አንድ ነው» ማለት አይቻልም፤ ከፍታውም ለመንታ እርግዝና ክትትል መጥበቅ ተጨማሪ ምክንያት ይሁን እንጂ ለግፊቱ ማመካኛ አይሁን።

አንዳንድ ተማሪዎች «አየሩ ከሳሳ መለኪያው አይዛባም?» ሲሉ ይጠይቃሉ። አይዛባም። መሣሪያው የሚለካው ደሙ ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው፤ አየሩ በክንድም በመለኪያም ላይ እኩል ስለሚያርፍ ይጣፋል።

ልኬቱ

ከሃያኛው ሳምንት በኋላ ቢያንስ በአራት ሰዓት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ሚሊሜትር ሜርኩሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ይባላል። 160 ወይም 110 ከደረሰ አደገኛ ነው፤ ለነገ የሚባል አይደለም።

ቀደም ሲል ያነሣነው ነጥብ የሚያስፈልገን እዚህ ላይ ነው። ግፊት በእርግዝና አጋማሽ ዝቅ የሚል ከሆነ፣ በሰባተኛው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣች ሴት 130/85 ብታስመዘግብ ቁጥሩ ምንን ያመለክታል? ቀድሞ 100/60 የነበረች እንደሆነ መንገድ ጀምራለች ማለት ነው፤ ቀድሞም 125/80 ከነበረች ነገሩ ቀላል ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ወራት ልኬት ከሌለ ሁለቱን መለየት አይቻልም። በአገራችን ግን አብዛኞቹ እናቶች ክትትል የሚጀምሩት ከሦስተኛው ወር በኋላ ሲሆን፣ አራትና ከዚያ በላይ ጊዜ የተከታተሉት እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት 43 በመቶ ብቻ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ለማንኛዋም እርጉዝ ስምንት ክትትል መክሯል፤ ለመንታ እናት ይህ ዝቅተኛው ነው። ከ24ኛው ሳምንት በፊት አንድ የአልትራሳውንድ ምርመራ ማግኘትም መንታነቱን ብቻ ሳይሆን እንግዴ ልጁ አንድ ወይም ሁለት መሆኑንም ያሳያል። አልትራሳውንድ በሌለበት ቦታ የማኅፀኑ ቁመት ከወሩ በልጦ መገኘቱ አዋላጇን ሊያስጠረጥራት ይገባል።

አለካኩም የራሱ ሥርዓት አለው። ከቀበሌዋ ዳገት ወጥታ የመጣች ሴት ወዲያው ከተለካች ቁጥሩ የዳገቱ ነው። ቢያንስ አምስት ደቂቃ ተቀምጣ፣ ጀርባዋን አስደግፋ፣ እግሯን ሳታነባብር ትረፍ፤ ቡና ጠጥታ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ይጠበቅ። ክንዷ በልቧ ትይዩ ይሁን። ክንዱ ከልብ በ10 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ንባቡ በ8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ይቀንሳል፤ ሜርኩሪ ከደም በ13 እጥፍ ገደማ ስለሚከብድ 100 ሚሊሜትር ደም ለ8 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይቀርባልና። ሆዷ የከበዳትን የመንታ እናት በግራ ጎኗ አስተኝቶ የላይኛውን ክንድ መለካት እንዲሁ ሕመሙን ይሸሽጋል። ሽንትም በየጊዜው ለፕሮቲን ይመርመር።

ሕመሙ ለረጅም ጊዜ ስሜት የለውም፤ ስሜት ሲሰጥም በሌላ ስም ይጠራል። ብርቱውን ራስ ምታት «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይታሽለታል። ከቀኝ ጎድን ሥር የሚሰማው ሕመም የጉበት ሆኖ ሳለ ለጨጓራ ይሰጣል። የዓይን ብዥታ ለድካም፣ መንፈራገጡ ደግሞ ለክፉ መንፈስ። ዳማከሴውን አንነቅፍም፤ የምንለው እርጉዟ ግፊቷ ሳይለካ በዚያ ብቻ አትታለፍ ነው። የእግር እብጠት በመንታ እርግዝና የተለመደ ስለሆነ ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጡ ግን ሊያሳስብ ይገባል።

መንገዱ

እ.ኤ.አ. በ2003 በተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ያሉት ባለሙያዎች ግፊት መለካትና እናቲቱን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ይችላሉ። ከዚያ ወደ አሰላ ሪፈራልና ማስተማሪያ ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ለአንዳንዱ ቀበሌ አስፋልት፣ ለሌላው በክረምት ፈረስም የሚቸገርበት ጭቃ ነው። በዚህ መካከል የእናቲቱን ሕይወት የሚጠብቃት ማግኒዚየም ሰልፌት የተባለው ርካሽ ጨው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ይፋ የሆነው «ማግፓይ» የተባለው ጥናት በ33 አገሮች ከ10,000 በላይ ሴቶችን አካትቶ፣ መድኃኒቱ መንፈራገጥን ከግማሽ በላይ እንደሚቀንስ አረጋግጧል። የዓለም ጤና ድርጅት ሙሉውን ሕክምና መስጠት በማይቻልበት ጤና ጣቢያ የመጀመሪያው መጠን ተሰጥቶ እናቲቱ ወዲያው እንድትላክ ይመክራል። «ሆስፒታል ሲደርሱ ይሰጧታል» ብሎ ባዶ እጇን መላክ የሚያስከትለው አደጋ በመንገድ ላይ መንፈራገጥ ነው። እንደ ኒፌዲፒን፣ ሃይድራላዚንና ሜቲልዶፓ ያሉት መድኃኒቶች ግፊቱን ለማውረድ ያገለግላሉ፤ ለሌላ ሰው የታዘዘ ኤናላፕሪል ግን ጽንሱን ስለሚጎዳ እርጉዝ አትዋሰው።

ከሁሉ የሚሻለው ሕመሙ ሳይበረታ ቀድሞ መቅረብ ነው። በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ1976 የከፈተው የእናቶች ማቆያ ለዚህ በአገራችን ቀደምት ምሳሌ ነው። የ22 ዓመት መዝገቡ ሲመረመር ከማቆያው ገብተው ከወለዱት መካከል በ100,000 ሕያው ወሊድ 90 ያህል፣ በቀጥታ ከመጡት ደግሞ 1,333 ያህል እናቶች ሞተዋል። በቀጥታ ከመጡት ብዙዎቹ ምጥ ከጠናባቸው በኋላ የደረሱ ስለሆኑ ልዩነቱን ሁሉ የማቆያው ውጤት ማድረግ አይገባም። ቢሆንም መንታ ያረገዘች የሩቅ ቀበሌ ሴት የመጨረሻዎቹን ሳምንታት በሆስፒታል አጠገብ እንድታሳልፍ ለመምከር ከበቂ በላይ ነው። ለዚህ ቤተሰቡ ከወዲሁ መምከር አለበት፦ ላሟን ማን ያልባል? ልጆቹን ማን ይይዛል? በመኸር ሰሞን ይህ ቀላል ጥያቄ አይደለም።

ስለ መከላከል በአጭሩ

መንታነት ራሱ ተጋላጭ ስለሚያደርግ፣ ሐኪም ሲያዝ ከ12ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየቀኑ የሚወሰድ 75 ሚሊግራም አስፕሪን ይጠቅማል። የካልሲየም እጥረት ባለበት ካልሲየም ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2024 በህንድና በታንዛኒያ የተደረጉ ጥናቶች በቀን 500 ሚሊግራም ከ1,500 ሚሊግራም እንደማያንስ አሳይተዋል። ከብረት ክኒን ጋር በአንድ ሰዓት አይዋጥ። የአርሲ ስንዴና ገብስ በካልሲየም ከጤፍ ያንሳሉ፤ ወተቱ ግን ይክሳል፤ ስለዚህ እርጉዟ ቤት ያለው ወተት ሁሉ ለገበያ አይውጣ። ጨውን ፈጽሞ መተው ይህን ሕመም አይከላከልም።

ከወሊድ በኋላ

መንታ የያዘ ማኅፀን እጅግ ስለሚለጠጥ ከወሊድ በኋላ መኮማተር ይዘገይበታል፤ ስለዚህ ብዙ ይደማል። ደም ለማቆም ከሚሰጡት መድኃኒቶች አንዱ ኤርጎሜትሪን ደም ስሮችን ስለሚያኮማትር ግፊት ላለባት ሴት አይሰጥም፤ የሚመረጠው ኦክሲቶሲን ነው። እናቲቱ ወይም አጃቢዋ «ግፊት ነበረባት» ብለው ለአዋላጇ መንገራቸው ስለዚህ ዋጋ አለው።

ሕመሙም በወሊድ ቀን አያበቃም። ግፊት ይበልጥ የሚያሻቅበው ከወሊድ በኋላ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ቀን ነው፤ ብዙ እናቶች ግን በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ቤት ይመለሳሉ። የአርሲ ኦሮሞ ሴቶች አራሷን የሚጠብቁበት የቆየ ሥርዓት አላቸው፤ ቀነፋ በግንባሯ ያሰረች አራስ ከበደልና ከከባድ ሥራ የተጠበቀች ናት፣ በደል ቢደርስባት ሲንቄ የያዙ ሴቶች ይነሡላታል። በእነዚህ ሳምንታት አራሷን የሚከቧት ሴቶች ብርቱ ራስ ምታትና የዓይን ብዥታ ምን እንደሆኑ ካወቁ፣ ከማንም ቀድመው የሚያዩት እነርሱ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋም በሦስተኛው ቀን፣ በሁለተኛው ሳምንትና በስድስተኛው ሳምንት ግፊቷን ትለካ። በስድስተኛው ሳምንት ካልወረደ ከእርግዝናው በፊት የነበረ የደም ግፊት ሊሆን ስለሚችል ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ቢወርድም ታሪኩ በካርዷ ላይ ይጻፍ፤ በሚቀጥለው እርግዝና፣ አንድ ልጅ ብቻ ብትይዝ እንኳ፣ አስፕሪኑ በ12ኛው ሳምንት የሚጀመረው በዚያ ጽሑፍ ነውና።