ስለ ከሰዓት በኋላ ቡናና ሻይ፤ ከሬኮ ማሳ እስከ እንግዳ ማዕድ

በእንግሊዝ አገር ከሰዓት በኋላ ሻይን ከስስ ዳቦና ከትናንሽ ኬኮች ጋር የማቅረብ ልማድ በመኳንንቱ ቤት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1840 ግድም ወዲህ ሲሆን፣ የቤድፎርድ መስፍን ባለቤት የነበሩት አና በምሳና በእራት መካከል ያለውን ረጅም ጊዜ ለማለፍ ሲሉ እንደ ጀመሩት ይነገራል። በኢትዮጵያ ይኸው ሰዓት የቡና ሰዓት ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ዕጣን ይጨሳል፤ ከጀበናው ጋር የሚቀርበው ቆሎ፣ ዳቦ ወይም ፈንዲሻም ፀሐይ ወደ ምዕራብ ካዘነበለች በኋላ እንኳ «የቡና ቁርስ» መባሉ አይቀርም። ከሁለቱ ማዕዶች የትኛው ይበልጣል ብሎ መከራከር ለነጋዴ ትርፍ የለውም። ለነጋዴ የሚጠቅመው ማዕዱ የሚፈልገው ሸቀጥ ምን እንደ ሆነና ያ ሸቀጥ ከመነሻው እስከ ሲኒው ድረስ በምን ምክንያት እንደሚበላሽ ለይቶ ማወቅ ነው።

ሬኮ በጌዴኦ ዞን በኮቸሬ ወረዳ የሚገኝ ቡና አብቃይ ስፍራ ሲሆን፣ የዞኑ ዋና ከተማ ዲላ ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የታወቀች የቡና ገበያ ናት። የጌዴኦ ገበሬ ቡናውን ከእንሰትና ከጥላ ዛፍ ጋር አደባልቆ ይተክላል፤ ይህም ጥንታዊ የአተካከል ሥርዓት የሚታይበት የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። የአካባቢው ቡና በውጭ ገበያ የሚታወቀው «ይርጋ ጨፌ» በሚለው ስም ነው። ስሙ ራሱ ሀብት መሆኑን መንግሥት ተገንዝቦ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ብዙ ከደከመ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ስታርባክስ ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ጋር ስለ ስሙ አጠቃቀም ስምምነት ተፈራርሟል።

የውጭ አገር ቀማሾች ስለዚህ ቡና በሚጽፉበት ጊዜ ሻይን ደጋግመው ማንሳታቸው በከንቱ አይደለም። በሚገባ የታጠበ የይርጋ ጨፌ ቡና በአፍ ውስጥ የማይከብድ፣ የአበባና የሎሚ መዓዛ ያለው ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ከበርጋሞት ጋር ይመሳሰላል። በርጋሞት በብዛት በጣሊያን በካላብሪያ ግዛት የሚበቅል የሎሚ ዘመድ ነው፤ ኧርል ግሬይ የተባለው ስመ ጥር ሻይም መዓዛውን የሚያገኘው ከዚህ ፍሬ ልጣጭ ከሚወጣው ዘይት ነው። ሻዩ መዓዛውን ከውጭ ሲቀበል ቡናው ግን ምንም ሳይጨመርበት ከራሱ ፍሬ ያመጣዋል። ስለዚህ ሻይ ወደ ለመዱ አገሮች የሚልክ ነጋዴ ይህን ቡና ያለ ወተት፣ በቀጭኑ ተፈልቶ፣ ከሰዓት በኋላ የሚጠጣ አድርጎ ቢያቀርበው ለሻይ ጠጪው እንግዳ ነገር አይሆንበትም።

ይህ መዓዛ ግን በቀላሉ የሚጠፋ ነው። እሸቱ ቀይ ሆኖ ከተለቀመ በዚያው ቀን መፈልፈል ይኖርበታል፤ ካደረ በጆንያው ውስጥ ሞቆ መብላላት ይጀምርና የኮምጣጤ ጠረን ያመጣል። ከተፈለፈለ በኋላ በገንዳ ውስጥ እንደ አየሩ ቅዝቃዜ ለአንድ ቀን ተኩል ወይም ከዚያ በላይ ይብላላል፣ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል፣ ቀጥሎም ከመሬት ከፍ ባለ አልጋ ላይ ተሰጥቶ እየተገላበጠ ይደርቃል። እርጥበቱ ከመቶ 12 በላይ ሆኖ ወደ መጋዘን የገባ ቡና ሊሻግት ይችላል። ከልክ በላይ የደረቀውም ሲፈለግ ይሰባበራል፣ መዓዛውም ይሳሳል። አልጋው ላይ የሚቆመው ሠራተኛ እኩለ ቀን ላይ ቡናውን ከፀሐይ ለመከለል የሚያጠፋው ጥቂት ደቂቃ፣ ላኪው ኋላ በዋጋ ድርድር ከሚያጠፋው ሙሉ ቀን የበለጠ ዋጋ አለው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቀጥሎ የሚመጣው የውኃ ጉዳይ ሲሆን፣ ይህ በብዙ ነጋዴዎች ዘንድ ችላ የተባለ ነው። ውኃ በባሕር ጠረፍ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል። ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ ግን በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያ በላይ እሳት ቢጨመርበት ውኃው ይተንናል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ከውጭ የሚመጣ የጥቁር ሻይ ካርቶን «በፈላ ውኃ 3 ደቂቃ ይቆይ» ብሎ ቢያዝ፣ ትእዛዙ የተጻፈው ለለንደን ወይም ለሌላ ቆላማ ከተማ ነው። በጌዴኦ ደጋ ወይም በአዲስ አበባ ይኸው ሻይ ቀለሙም ጣዕሙም ቀጥኖ ይወጣል፤ ደንበኛውም ጥፋቱን በቅጠሉ ላይ ያደርጋል። አስመጪው በካርቶኑ ላይ በአማርኛ «ለደጋ አገር 5 ደቂቃ» የሚል ወረቀት ቢለጥፍ ወጪው ጥቂት ነው። ባለትዳሮች ቅጠሉን ከቀረፋ፣ ከቅርንፉድና ከሄል ጋር በማንቆርቆሪያ ማፍላታቸውም ምንም እንኳ የሻይ ሊቃውንት ባይወዱት፣ ለደጋ ውኃ የተስማማ ዘዴ ነው። ለቡና ግን ከፍታው ጥቅም እንጂ ጉዳት የለውም። የቡና ቀማሾች 8 ግራም ከሩብ ለሆነ የተፈጨ ቡና 150 ሚሊ ሊትር ውኃ በ93 ዲግሪ አካባቢ አፍስሰው 4 ደቂቃ ያህል ይጠብቃሉ፤ ይህም ሙቀት በሬኮ ከፍታ ውኃው በራሱ የሚደርስበት ነው።

ኢትዮጵያ ከምታመርተው ቡና ግማሽ ያህሉ የሚጠጣው በአገር ውስጥ ነው። ሆኖም ለውጭ ገበያ የተዘጋጀ ቡና በአገር ውስጥ እንዳይሸጥ ሕግ ሲከለክል ብዙ ዘመን በማለፉ፣ ምርጡን ያበቀለው ገበሬ ጎረቤቱን የሚጋብዘው ከምርጫ በወደቀው ፍሬ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። እንዲህም ሆኖ ለቤት ጠጪ አንድ ትልቅ መከላከያ ነበረው፤ ይኸውም ቡናውን ጥሬውን ገዝቶ በቤቱ መቁላቱ ነው። ባለቤቲቱ ሰፌዱን ይዛ ስትለቅም ነቀዝ የበላውን፣ የጠቆረውንና ድንጋዩን በዓይኗ ታያለች። ተቆልቶና ተፈጭቶ በታሸገው ቡና ግን ይህ ዓይን የለም። እስኪጠቁር የተቆላ ቡና ጉድለቱን ይሸፍናል፣ ዱቄቱ ደግሞ ጨርሶ ይደብቀዋል። ስለዚህ በከተማ የተቆላ ቡና የሚሸጥ ባለሱቅ የባለቤቲቱን ሰፌድ ተክቶ እንደሚሠራ ይወቅ። የተቆላበትን ቀን በከረጢቱ ላይ ቢጽፍ፣ ፍሬውን ሳይፈጭ ይዞ ገዥው ፊት ቢፈጭ፣ በትንሽ በትንሹም ቢሸጥ ይመረጣል፤ ፍሬው ሳይፈጭ ለጥቂት ሳምንታት ሲቆይ፣ የተፈጨው በጥቂት ቀን ውስጥ መዓዛውን ያጣልና።

የአገር ውስጥ ሻይን በሚመለከት፣ በኢሉባቦር የጉመሮ፣ በካፋ ደግሞ የውሽውሽ እርሻዎች የታወቁ ናቸው። የሻይ ቅጠልም ሆነ ቡና በአጠገቡ ያለውን ሽታ የሚስብ ስለ ሆነ፣ ከሳሙና፣ ከላምባና ከበርበሬ ጋር በአንድ መደርደሪያ ማስቀመጥ አይገባም። በገጠር ሱቆች ይህ ስሕተት ዘወትር ይታያል።

ስለ ቡና ቁርሱ ብዙ ማለት አያስፈልግም። መዓዛው ስስ ለሆነው ለታጠበ ቡና የሚስማማው የገብስ ቆሎ፣ ያልጣፈጠ ድፎ ዳቦ ወይም በስሱ የተጋገረ ቆጮ ነው። ቅቤና ሚጥሚጣ የበዛበት ምግብ፣ እንዲሁም ክሬም የተጫነበት ኬክ የሎሚውን መዓዛ ያጠፋዋል። በአጎራባቹ ጉጂና በቦረና እሸቱ ከነቅርፊቱ በቅቤ ተጠብሶ የሚበላበት «ቡና ቀላ» የተባለ ሥርዓት አለ፤ እርሱ ራሱን የቻለ የክብር ምግብ ስለ ሆነ ከዚህ ጋር አይነጻጸርም። ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤቶች ግን አንድ ነገር ይቀራል። አቦል፣ ቶናና በረካ ከአንዱ ዱቄት ላይ ሦስት ጊዜ የሚቀዱ ናቸው። የሬኮ ቡና በስሙ ተጠርቶ ከፍ ባለ ዋጋ ከተሸጠ፣ እንግዳው የሚከፍለው ለአቦሉ መሆን አለበት፤ ቶናውና በረካው እንደ ባህሉ ለጨዋታው ማራዘሚያ ያለ ተጨማሪ ሒሳብ ይቅረቡ።