ጠንካራ ሁሉ ቻይ አይደለም

ቤት ስንመርግ ጭቃውን ከጭድ ጋር እናቦካለን። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ጭድም ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። ሁለቱ ሲዋሐዱ ግን ጭዱ ጭቃውን አስሮ ይይዘዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ቅይጥ እንለዋለን።

በባሕር ላይ በነፋስ የሚሄዱ ብዙ ባለሸራ ጀልባዎች አካላቸው የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በጭድ ፈንታ ቀጭን የመስታወት ክር፣ በጭቃ ፈንታ ሲረጋ የሚጠነክር ሙጫ ይገባል። ይህ ቅይጥ ፋይበርግላስ ይባላል። የካርቦን ክር ወይም ኬቭላር የሚባል ክር የሚገባባቸውም አሉ።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ጥንካሬ ማለት ከባድ ሸክም ሳይሰበሩ መሸከም ነው። ቻይነት ማለት ድንገተኛ ምትን ውጦ አለመሰባበር ነው። የሸክላ ድስት ጉልቻ ላይ ወጡን ተሸክሞ ይውላል፤ ከእጅ ሲያመልጥ ግን ይንኮታኮታል። ጠፍር ቢመቱትም አይሰበርም።

ጀልባ ሁለቱንም ይፈልጋል። ማዕበል ሲገፋው ጥንካሬ፣ ከድንጋይ ወይም ከተንሳፋፊ ግንድ ጋር ሲጋጭ ቻይነት ያስፈልገዋል። አካሉ ከተቀደደ ውሃ ይገባል፤ የሰው ሕይወትም ይጠፋል።

ስለዚህ ፈተናውም ሁለት ነው። ለጥንካሬ፦ የቅይጡን ቁራጭ በሁለት ድጋፎች ላይ ያጋድሙና እስኪሰበር ድረስ መካከሉን ይጫኑታል። ስንት ኪሎ እንደተሸከመም ይጽፋሉ።

ለቻይነት፦ ፈረንሳዊው ዦርዥ ሻርፒ እ.ኤ.አ. በ1901 ያስተዋወቀው ዘዴ አለ። እንደ ዥዋዥዌ የሚወዛወዝ መዶሻ ከታወቀ ከፍታ ይለቀቃል፤ ቁራጩን ሰብሮ ወደ ማዶ ይወጣል። መዶሻው ብዙ ከወጣ፣ ቁራጩ በቀላሉ ተሰብሯል ማለት ነው። ጥቂት ብቻ ከወጣ ግን ቁራጩ የመዶሻውን ጉልበት ውጦታል።

ውሃ ሙጫውን ሊያዳክም ስለሚችል፣ ቁራጩን ዘፍዝፈውም ይፈትኑታል።

በነዚህ ፈተናዎች የካርቦን ቅይጥ ቀላልና እጅግ ጠንካራ ሆኖ ይገኛል፤ ሲመታ ግን በድንገት ይሰበራል። ኬቭላር ምትን በመዋጥ ይታወቃል፤ ሲጨመቅ ግን ከካርቦን ይደክማል። ለዚህም ነው አንዳንድ ሠሪዎች ሁለቱን አዋሕደው የሚያነጥፉት።

ሞፈር የሚመርጥ ገበሬ የእንጨቱን ውፍረት ብቻ አያይም፤ የሚጠብቀውን ድንጋያማ መሬትም ያስባል። ጀልባም እንዲሁ ነው። አንዱን ፈተና ማለፍ ለሌላው ዋስ አይሆንም።

ጥያቄዎች
1. ጭድ ለጭቃ ምን ይጠቅመዋል?
2. ጥንካሬና ቻይነት በምን ይለያያሉ?
3. መዶሻው ወደ ማዶ ጥቂት ብቻ ቢወጣ ምን እንረዳለን?
4. ከቤታችሁ ዕቃዎች ጠንካራ ሆኖ ቻይ ያልሆነውን ጻፉ።