መስኮቱ ያላበራው ብርሃን

ጥያቄ፦ የካራቫጆን «የማቴዎስ መጠራት» በፎቶ አየሁት። ግማሹ ጨለማ ነው። ሠዓሊው እንዲህ ያጠቆረው ስሜቱን ለማክበድ ነው?

መልስ፦ እሱም አለበት፤ ግን ታሪኩን የሚተርከው ራሱ ብርሃኑ ነው። መጀመሪያ መስኮቱን ይመልከቱ። ከክርስቶስ እጅ በላይ ጉልህ ሆኖ ተሥሏል፣ አንዲት ጨረር ግን አያስገባም። ብርሃኑ የሚመጣው ከቀኝ በኩል፣ ከሥዕሉ ውጭ ነው፤ ግድግዳውን በሰያፍ ቆርጦ ቀረጥ ሰብሳቢዎቹ ፊት ላይ ያርፋል። ክርስቶስ ራሱ አብዛኛው አካሉ በጥላ ተውጧል፤ የሚታዩን ፊቱና የተዘረጋው እጁ ናቸው። ጠሪው ተሸሽጎ ተጠሪዎቹ ተጋለጡ።

የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ያለው ወጣትስ? አንገቱን ደፍቶ ሳንቲም ይቆጥራል። ብርሃኑ ደርሶበታል፣ እሱ ግን ቀና አላለም። ማቴዎስ እሱ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ «እኔን ነው?» የሚል የሚመስለውን ጺማሙን ሰውዬ እመርጣለሁ።

ፎቶ የማያሳየው አንድ ነገር አለ። ሥዕሉ ከ1600 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም፣ ሳን ሉዊጂ ዴይ ፍራንቼዚ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በአንድ ጠባብ ጸሎት ቤት ግራ ግድግዳ ላይ ነው። ከመሠዊያው በላይ ያለው እውነተኛው መስኮትም ለተመልካቹ በቀኝ በኩል ይውላል፤ ልክ ሥዕሉ ውስጥ ብርሃኑ በሚመጣበት አቅጣጫ።